ቆጣሪው ወደ ሰማይ አያይም

ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ግንቦት ድረስ፣
የአዳማ ቆርቆሮ ሌሊቱን ሲላቀስ፣
አቧራው በር ገፍቶ፣ እንደ ደፋር እንግዳ፣
ጫማውን ሳያወልቅ ሲዘልቅ እስከ ጓዳ፣
እኔ ወፍጮውን አጥፍቼ እወጣለሁ ወደ ደጅ፣
ከኮረብታው ላይ የሚዞረውን የነጩን ማማ እጅ
እየቆጠርኩ።
አንድ። ሁለት። ሦስት።
ሦስት ክንፍ ለአንድ አንገት።

ቆጣሪዬም ይቆጥራል፤ እሱ ግን ወደ ሰማይ አያይም።
ቢነፍስ፣ ባይነፍስ፣ ለሱ ለውጥ የለውም።

ሌንጂሳ የእህቴ ልጅ ነው፤ ኮረብታው ላይ ነው ሥራው፣
ከማማው ሥር ካለች ክፍል፣ ስክሪን ላይ ዓይኑን የሚያሳድረው።
ቅዳሜ እህል ሊያስፈጭ ሲመጣ ያዝኩት፦
«ለነፋስ ትከፍላላችሁ?»
«ኧረ አክስቴ!» ብሎ ሳቀ።
«ታዲያ በነፃ የመጣውን በምን ሒሳብ ትሸጣላችሁ?»
ሳቁ አለቀ።

ከማሽላው ጆንያ ላይ ተቀመጠ፣ ዱቄት ሱሪውን አነጣው፤
ማስረዳት ሲጀምር እንደ አባቱ ነው፣ ከቲማቲም ነው የሚነሳው።
«የመቂ ማሳ በደረሰ ለት፣ ሰባት አይሱዙ ሳይነጋ
ገበያው ላይ ሲደረደር፣ ምን ይሆናል የኪሎ ዋጋ?»
«ይወርዳል።»
«እስከ ምን?»
«እስከ ሻጩ ልመና።
ስምንት ሰዓት ላይ ‹ውሰጂው በሞቴ› ይላል፣ ሙቀት ነውና።»
«አዎ። ሩቅ አገር፣ መብራት እንደ ቲማቲም በየሰዓቱ በሚሸጥበት፣
ነፋስ ገፍቶ የመጣ ሌሊት፣
ማገዶ የማይገዛው ቀድሞ ይሰለፋል ከበር፣
ናፍጣ የሚያቃጥለው ተገፍቶ ይቀራል ከዳር።
ዋጋው ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ አንዳንዴም ከዜሮ በታች፤
ለሚወስድለት ሻጩ ይከፍላል።»
«ውሸታም!» የምትል ቃል ሳላስባት ካፌ ወጣች።

ያን ለት ማታ አልተኛሁም።
ቆርቆሮው ሲጮህ አሰብኳት፣ እዚያ አገር ያለችውን ባለወፍጮ፦
ነፋሱን ሰምታ ከአልጋዋ ስትነሳ ሮጣ፣
«ረከሰ!» ስትል በየደጁ፣ «እህል ያለው ይምጣ!»
አየሩ ጭጭ ያለ ለት ደግሞ፣ ጉንጯን በእጇ ደግፋ፣
ቅጠል የምታነቃንቅ ሽውታ ስትጠብቅ በተስፋ።
እኔስ? የኔ ታሪፍ ወረቀት ላይ ተቸንክሯል፣
ጣራ ቢነቀል፣ ቅጠል ባይነቃነቅ፣ ቆጣሪው «ጢጥ» ይላል።
አይጠቅመኝም፣ አይጎዳኝም፤ ከዚህ የለሁ፣ ከዚያ፤
ጎረቤቱ ነኝ ለነፋስ፣ አላደረሰኝም ገበያ።

ይህን ብነግረው ዝም አለ።
እሑድ በሞተር ሳይክሉ አፈናጦ ወሰደኝ ቆቃ።
የካቲት ነበር፣ ዝናብ ከጠፋ አምስት ወር፣ ምድር ደርቃ።
ጣቱን ወደ ድንጋዩ ቀሰረ፣ ውሃው ወደሚነካው መስመር፦
«ሌሊት እኛ ስንዞር፣ እነሱ በሩን ገርበብ አርገውት ነበር።
ነፋሱ የሠራውን ያህል ውሃው ሳይፈስ ቀረ፤
ዋጋው ካርድሽ ላይ ሳይሆን፣ አክስቴ፣ እዚህ ላይ ሰፈረ።»

አየሁት። ስንዝር ትሆናለች። ኧረ ግማሽ ስንዝር።
አንድ ዓሣ አጥማጅ ታንኳውን ይቀዝፍባት ነበር።

ደስ አለኝ? እንጃ። ስንዝር ውሃ አይመነዘርም፤
ነስሩ ለሸጠልኝ ቀበቶ «በስንዝር ልክፈል» ብለው አይሰማኝም።
ግን ያ ሚያዝያ፣ መብራት በፈረቃ የሄደበት፣
ወፍጮዬ አሥራ አንድ ቀን ቆሞ ደንበኛ የሸሸበት፣
ያ ወር ትዝ አለኝ፤
የአሥራ አንዱ ቀን ኪሳራ ከስንዝሯ ጋር ተያይዞ ታየኝ።

ዛሬም ይነፍሳል። ሚስማሩ ላልቷል፤
ታሪፉ ያው ነው፤ ምን ያው ነው፣ እንዲያውም ጨምሯል።
ሌንጂሳ ከሥራው ይደውላል፦ «እንዴት ነው እዚያ?»
ስለ ጤናዬ አይደለም፣ አውቄበታለሁ።
«የደጁ ኒም ጎብጧል» እለዋለሁ።
«ጎሽ፣ ይጉበጥ!» ይላል።
እኔም ስልኩን ዘግቼ አቧራውን ወደ ውጭ እጠርጋለሁ፤
ነፋሱ መልሶ ያስገባልኛል፣
ያለ ካርድ፣ ያለ ታሪፍ፣ በነፃ።